ባዶ የምትመስለው ቀለሃ

በዚህ ሳምንት ለዝግጅት ክፍላችን ሁለት ጥያቄዎች ቀርበውልናል። የመጀመሪያውን ያቀረቡልን ከተኩስ ልምምድ የተመለሱ አንድ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ለማስረከብ ቆጥረው ከያዙት የሽጉጥ ቀለሃ መካከል አንዲቱን አንሥተው በመዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ፣ «በሌላ አገር ሰዎች ይህችን መልሰው እየሞሉ ለውድድር ይተኩሱባታል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ እኛ ስለ ምን ሳንሞላት እንመልሳታለን?» አሉን።

ሁለተኛው ጥያቄ በደብዳቤ የደረሰን ከአንድ የሠራዊቱ አባል ባለቤት ነው። እኚህ እናት ሲጽፉ፣ «ባለቤቴ ከብዙ ዓመት በፊት ለመታሰቢያ ያስቀራት አንዲት ቀለሃ በቤታችን ትገኛለች። የ4 ዓመቱ ልጃችን በአፉ ይዞ እያፏጨባት ይውላል። ጎረቤቴ ‹መርዝ አለባትና ተቀበዪው› ስትለኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ‹ባዶ ቀለሃ ምን ታደርጋለች? ተዪው ይጫወት› ይላል። ማንኛቸውን ልስማ?» ብለዋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች በመጀመሪያ ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። አንደኛው የተኳሽ፣ ሌላው የእናት ጥያቄ ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ለሁለቱም የሚሆነው መልስ አንድ ሆኖ አገኘነው። መልሱም «ዓይንህ ያላረጋገጠውን ባዶ ነው አትበል፤ ሙሉ ነውም አትበል» የሚል ነው። ይህን ለማስረዳት በሃምሳ አለቃው ጥያቄ እንጀምራለን።

ቀለሃን እንደ ዋጋ ያለው ነገር መመልከት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የጥይት ፍሬ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ መገበያያ ሆኖ ያገለግል እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። አያቶቻችን ውጅግራ ብለው የጠሩት ጠመንጃ ፈረንሣዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሣይኛ አጠራር የመጣ ነው። የዚያ ጥይት ቀለሃ ከናስ የተሠራ ነበር። ናስ ደግሞ ጥይቱ ሲተኰስ የሚለጠጥ፣ በኋላም ጥቂት የሚኮማተር፣ ቅርጹ ቢታረም እንደገና ሊያገለግል የሚችል ብረት ነው። ቀለሃን መልሶ የመሙላት ጥበብ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ የናስ ጠባይ ላይ ነው።

አንዲት ጥይት አራት ክፍሎች እንዳሏት ወታደር ሁሉ ያውቃል። ስለ ባለቤቶቻችን ስንል ግን በአጭሩ እንግለጸው። አንደኛው ሁሉን የሚይዘው ቀለሃ ነው። ሁለተኛው ከቀለሃው ሥር የምትቀመጥ፣ የሽጉጡ መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋ ትንሽ ቆብ ናት፤ በዚህ ጽሑፍ መለኰሻ ብለን እንጠራታለን። ሦስተኛው ባሩዱ ነው። አራተኛው በቀለሃው አፍ ተወትፎ የሚቀመጠውና ወደ ኢላማው የሚበረው አረር ነው። ጥይቱ ሲተኰስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ መለኰሻዋ ትሞታለች፤ ቀለሃው ግን ይቀራል። ከአራቱ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ የሚለውም ይኸው የሚቀረው ነው።

ሃምሳ አለቃው እንደሰሙት፣ ይህን ቀለሃ መልሶ መሙላት በተለይ በአሜሪካ እንደ ቤት ውስጥ ሙያ የተስፋፋ ነው። በዚያ የሽጉጥ ውድድር የሚወዱ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ጓዳ ወይም ከመኪና ማቆሚያው ጥግ አንድ ጠረጴዛ ያቆማሉ፤ ማታ ማታም ለሚቀጥለው ውድድር የሚሆናቸውን ጥይት በእጃቸው ያዘጋጃሉ። ምክንያታቸውም ሦስት ነው። መጀመሪያ ወጪ ለመቀነስ ነው፤ ውድድር የሚወድ ሰው በዓመት በሺህ የሚቆጠር ጥይት ይተኩሳልና። ሁለተኛው ጥይቱን ለገዛ ሽጉጣቸውና ለገዛ እጃቸው እንዲስማማ አድርገው ለመሥራት ነው። ሦስተኛው አንዷ ጥይት ከሌላዋ እንዳትለይ ለማድረግ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወረርሽኙ ዘመን ሲጀምር በዚያ አገር የመለኰሻ እጥረት በመከሰቱ፣ ቀለሃ፣ ባሩድና አረር ያላቸው ሰዎች እንኳ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ቆብ አጥተው ጠረጴዛቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር። ከአራቱ አንዷ ስትጎድል ሦስቱ ሥራ ፈት ይሆናሉ ማለት ነው።

ሥራው የሚካሄደው በቅደም ተከተል ነው። ቀለሃው በመጀመሪያ ይጸዳል፤ ተሰንጥቆ ወይም ሥሩ ሳስቶ እንደሆነም አንድ በአንድ ይታያል። ከዚያ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ይገባና የሞተችው መለኰሻ ትወጣለች፤ የተለጠጠው ቀለሃም ወደ ልኩ ይመለሳል። አዲስ መለኰሻ ትገባለች። አረሩ ሳይፋቅ እንዲቀመጥ የቀለሃው አፍ ጥቂት ይከፈታል። ባሩዱ ተመዝኖ ይጨመራል፤ አረሩ በተወሰነለት ጥልቀት ይቀመጣል፤ በመጨረሻም የተከፈተው አፍ ተመልሶ ይጠበቃል። አንዳንዱ ማሽን በእያንዳንዱ ስበት አንዱን ተግባር ብቻ ይፈጽማል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ደረጃዎች በአንድ ጊዜ እያከናወነ በየስበቱ አንድ የተጠናቀቀ ጥይት ይሰጣል። በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች ጀማሪውን የሚመክሩት በመጀመሪያው፣ ማለትም በዝግተኛው ማሽን እንዲማር ነው። እያንዳንዱን ተግባር በእጁ ሳያውቅ በፈጣኑ የጀመረ ሰው የቱ ደረጃ እንደ ተሳሳተበት ሊያውቅ አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ብሂል ለዚህም ይሠራል።

ባለሙያ እመቤቶቻችን በርበሬና ኮረሪማ በእፍኝ ገምተው ሲጨምሩ ልኩን አይስቱም። ባሩድ ግን በእፍኝ አይገመትም። በዚያ አገር የሚለካው ግሬይን በተባለ መስፈርት ሲሆን፣ ይህ ጥንታዊ መስፈርት መነሻው የገብስ ቅንጣት ክብደት ነው። አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ይመዝናል። ለአንዲት የተለመደች የውድድር ሽጉጥ ጥይት የሚበቃው ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው። በዚህ ልክ ውስጥ ጥቂት የገብስ ቅንጣት መጨመር ወይም መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ስለሆነም ሠሪው ልኩን የሚወስደው ባሩዱን የሚሠራው ፋብሪካ ፈትኖ ካሳተመው መጽሐፍ እንጂ ከጓደኛው አፍ ወይም ከገዛ ግምቱ አይደለም።

የልክ ጉዳይ በውድድሩ ሜዳ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አንድ ምሳሌ እንስጥ። ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄፍ ኩፐር በአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ውስጥ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ የደረሱ ሰው ነበሩ። በዚህ ማኅበር ደንብ መሠረት ተወዳዳሪ የሚመዘነው በትክክለኛነቱና በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በጥይቱ ኃይልም ነው። ኃይሉ የሚሰላው የአረሩን ክብደት በግሬይን፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ስንት ጫማ በሚለው ወስዶ፣ ሁለቱን በማባዛትና ለ1,000 በማካፈል ነው። ውጤቱ ከ125 በታች ከሆነ ተወዳዳሪው ቢተኩስም ነጥብ አይያዝለትም።

እንግዲህ 124 ግሬይን የሚመዝን አረር በሰከንድ 1,050 ጫማ፣ ማለትም 320 ሜትር ያህል ቢበር፣ ስሌቱ 130.2 ይሆናል፤ ተወዳዳሪውም ያልፋል። ያው አረር በሰከንድ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 305 ሜትር ያህል ቢበር ግን 124 ይሆናል፤ ተወዳዳሪውም ይወድቃል። ልዩነቱ 15 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ለማጣራት ዳኞች ከተወዳዳሪው ዘንድ 8 ጥይት ይወስዳሉ፤ ከአንደኛዋ አረሩን ነቅለው ይመዝናሉ፤ ከቀሩት መካከል ደግሞ በፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ፊት ይተኩሳሉ። ስለዚህ ውድድሩ የሚጀምረው ፊሽካው ሲነፋ ሳይሆን፣ ከሳምንት በፊት በቤት ጠረጴዛ ላይ ባሩዱ ሲመዘን ነው ለማለት ይቻላል። የማኅበሩ መፈክር ሦስት የላቲን ቃላት ሲሆኑ፣ ትርጕማቸው ትጋት የተሞላበት ጥንቃቄ፣ ኃይልና ፍጥነት ማለት ነው። ጥንቃቄ ፊት ቀድሞ ፍጥነት መጨረሻ መምጣቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ነጥብ ማጣት ግን ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ እንደሚከተለው ነው። ፈጣን የሽጉጥ ባሩድ ብዙ ጊዜ የቀለሃውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ሠሪው ስልክ ተደውሎለት ወይም ልጁ ጠርቶት ዞር ብሎ ቢመለስና ባሩድ የጨመረበትን ቀለሃ ረስቶ ሁለተኛ ቢጨምርበት፣ ቀለሃው ሞልቶ አይፈስም፤ አያስታውቅምም። አረሩ ከላይ ሲቀመጥ ያቺ ጥይት ከእኅቶቿ ጋር ተመሳስላ በሣጥን ውስጥ ትተኛለች። በተተኰሰች ጊዜ ግን ሽጉጡ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ግፊት ስለሚፈጠር መሣሪያው በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የዚህ ተቃራኒውም አደጋ አለው። ባሩድ ጭራሽ ሳይጨመርባት የተዘጋች ጥይት ስትተኰስ፣ የመለኰሻዋ ኃይል ብቻውን አረሩን ገፍቶ በሽጉጡ ቱቦ መካከል ይተክለዋል። ድምፁ የታፈነ፣ ምቱም የደከመ ይሆናል። ተኳሹ በውድድር ስሜት ተገፋፍቶ ሌላ ጥይት አቀባብሎ ከተኮሰ፣ ሁለተኛው አረር ከተቀረቀረው ጋር ይጋጫል፤ ቱቦውም ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዷ ጥይት ሙሉ መስላ ባዶ ነበረች፤ ሌላይቱ አንድ ልክ የያዘች መስላ ሁለት ይዛ ነበር። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ደኅና ጥይቶች ናቸው።

ጥንቁቆቹ የዚህ ሙያ ሰዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ጥቂት ደንቦችን አበጅተዋል። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አያስቀምጡም። መለኰሻዎችን ከፋብሪካ ማሸጊያቸው አውጥተው በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ አያጠራቅሙም፤ አንዷ ብትነሣ ሁሉም በአንድነት ሊፈነዱ ይችላሉና። ሲሠሩ አያጨሱም፤ ወሬ አያወሩም፤ ሬዲዮም አይከፍቱም። ከተቻለም በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ሞልቶ የሚፈስና ራሱን የሚያጋልጥ፣ ቦታ የሚይዝ ባሩድ ይመርጣሉ። በመጨረሻም ባሩድ የተጨመረባቸውን 50 ቀለሃዎች በመደርደሪያ እንጨት ላይ አቁመው፣ መብራት አቅርበው፣ አረር ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን ሆድ በዓይናቸው ያያሉ። ማሽን ምንም ያህል ቢራቀቅ ይህን የመጨረሻ እይታ የሚተካው አልተገኘም።

አሁን ወደ ሃምሳ አለቃው ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። እኛ ስለ ምን አንሞላትም? መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሥሪት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ለሲቪል ገበያ የሚወጣው የሽጉጥ ቀለሃ በአብዛኛው የናስ ሆኖ፣ በመለኰሻዋ ሥር በመካከል አንድ ቀዳዳ አለው። የሞተችው መለኰሻ በዚያ ቀዳዳ በቀጭን ዘንግ ተገፍታ በቀላሉ ትወጣለች። ይህ ሥሪት ቦክሰር በተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ስም ይጠራል። ለማካሮቭ ሽጉጥና ለክላሽንኮቭ ጠመንጃ የሚሠራው ጥይት ግን አብዛኛው የብረት ቀለሃ ያለውና በርዳን በተባለ አሜሪካዊ ስም የሚጠራው ሥሪት ነው። በዚህኛው ሥሪት ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከመካከሉ ወዲያና ወዲህ ስለሚገኙ ዘንጉ የሞተችውን መለኰሻ ገፍቶ ለማውጣት አይመችም፤ የብረቱ ቀለሃም እንደ ናስ ወደ ልኩ በቀላሉ አይመለስም። የሚገርመው የእንግሊዛዊው ሥሪት በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ሥሪት በሌላው ዓለም መስፋፋቱ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው መልስ የኃላፊነት ነው። በሠራዊት ውስጥ ጥይት በቁጥር ይወጣል፤ ቀለሃውም በቁጥር ይመለሳል። የፋብሪካ ጥይት መቼና የት እንደ ተሠራ በምልክቱ ይታወቃል፤ ጉድለት ቢገኝበት ያው ምድብ በሙሉ ከአገልግሎት ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው በጓዳው የሞላት ጥይት ግን ከጓደኛው ካዝና ብትገባ መልስ የሚሰጥባት አይገኝም። በውድድር ሜዳ የራሱን ጥይት የሚተኩስ ሰው ጥፋቱን በገዛ እጁ ይከፍላል፤ ወታደር ግን የጎኑን ሰው ሕይወት ጭምር ይዟል። ስለዚህ ለሃምሳ አለቃው የምንመክራቸው ቀለሃዋን ቆጥረው እንዲመልሱ፣ ከእነዚያ ተወዳዳሪዎች ግን አንድ ልማድ እንዲወስዱ ነው። በልምምድ ላይ አንዲት ጥይት የታፈነ ድምፅ ካሰማች ወይም ምቷ ከደከመ፣ ሌላ አያቀባብሉ። ጣታቸውን ከምላጩ ያንሡ፤ አፈሙዙን ከኢላማው አቅጣጫ ሳያዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ አሠልጣኙን ይጥሩ። መሣሪያው ተራግፎ ቱቦው እስኪታይ ድረስም አይተኩሱ። የፋብሪካ ጥይትም ቢሆን አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ጉድለት ሊገኝበት ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ደብዳቤ ለጻፉልን እናት እንመልሳለን። ባለቤትዎ ባዶ ናት ማለታቸው የወታደር አነጋገር ነው። ባሩድ የለባትም፤ መለኰሻዋም ሞታለች፤ ስለዚህ አትተኩስም። በዚህ ረገድ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጎረቤትዎ ያሉት ይበልጥ ትክክል ነው። የተተኰሰች ቀለሃ ባዶ አይደለችም።

ምክንያቱ እነሆ። በብዙዎቹ መለኰሻዎች ውስጥ የሚገኘው ቅመም የእርሳስ ውሕድ አለበት። ከዚህም ሌላ የበርካታ አረሮች ሆድ ወይም ሥር የተራቆተ እርሳስ ነው። ጥይቱ ሲተኰስ ከሁለቱም የሚወጣው እርሳስ ወደ ጢስና ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጣል። ከፊሉ በቀለሃው ሆድ ውስጥ እንደ ጥቀርሻ ይቀራል፤ ከፊሉ በተኳሹ እጅ፣ ፊት፣ ጠጉር፣ እጅጌና ጫማ ላይ ያርፋል። ቀለሃ በሚሞሉት አሜሪካውያን ዘንድ ይህ የታወቀ ጉዳይ ነው። ያገለገለ ቀለሃ በደረቁ ሲጸዳ የሚነሣው አቧራ እርሳስ የተሸከመ ስለሆነ፣ አስተዋዮቹ ይህን ሥራ ከቤት ውጭ ወይም በውኃ ያከናውኑታል፤ ልጆችንም ከጠረጴዛው አጠገብ አያደርሱም።

እርሳስ ሽታ የለውም፤ በዓይንም አይለይም። ወደ ሰውነት የሚገባው በተለይ በአፍና በትንፋሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ጉዳት አያደርስም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም፤ ትንንሽ ልጆችም ከአንድ ዓይነት ምንጭ ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚሆነውን ወደ ሰውነታቸው ይቀበላሉ። በሕፃን ላይ የሚያደርሰው ዋና ጉዳት በሚያድገው አእምሮ ላይ ነው። ልጁ ትምህርት ሊከብደው፣ ትኩረት ሊያጣ፣ ጠባዩም ሊለወጥ ይችላል። ወላጅ ይህን ሲያይ ልጁን ባለጌ ወይም ሰነፍ ይለው ይሆናል እንጂ እርሳስ ነው ብሎ አይጠረጥርም። በአዋቂ ላይ ደግሞ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የራስ ምታት፣ ድካምና የደም ግፊት መጨመር ሊያስከትል ይችላል። በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚከማችም፣ ሴት ስትፀንስ ከአጥንቷ ወጥቶ በደሟ አማካይነት ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል።

ስለዚህ እናታችን፣ ቀለሃዋን ከልጁ ይቀበሉ፤ እጁንና አፉንም በሳሙና ይጠቡ። አይደንግጡ፤ ልጅ አንድ ቀን ስላፏጨ ብቻ ጠፋ ማለት አይደለም። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ በአፉ ሲይዛት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና፣ አባቱ ወታደር መሆኑንና ልጁ በቀለሃ ሲጫወት መቆየቱን ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። በሰውነት ውስጥ እርሳስ መኖሩ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው እንጂ በመልክ አይደለም። በአሜሪካ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሕፃን ክትትል ያሻዋል የሚባልበት ወለል በአንድ ዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ ሆኖ ተወስኗል። ይህም ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮነኛ ነው።

ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ለሁሉም ቤተሰብ ይሆናል።

በመጀመሪያ ለወታደሩ። ከተኩስ ሜዳ ስትመለስ ሲጋራ ከመለኰስህና ዳቦ ከመቁረስህ በፊት እጅህንና ፊትህን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠብ። ቀለሃ በምትለቅምበት ጊዜ በቆብህ አታጠራቅም፤ ያን ቆብ ማታ ልጅህ ይደፋዋልና። ጫማህን ከደጅ አውልቅ። ልጅህ ሮጦ ሲመጣ ማቀፍ ደስ እንደሚል እናውቃለን፤ ነገር ግን መጀመሪያ ልብስህን ለውጥ፣ ተጣጠብ፣ ከዚያ እቀፈው። አምስት ደቂቃ መታገሥ የአባትን ፍቅር አይቀንሰውም። ለመታሰቢያ ብለህ ያስቀረሃት ቀለሃ ካለችም ወደሚገባት ቦታ መልሳት።

ቀጥሎ ለባለቤቲቱ። የተኩስ ልብሱን አታራግፊው፤ ከሕፃናት ልብስ ጋርም በአንድ ሳፋ አትዘፍዝፊው። እጣቢውን ከጉድጓድ ውኃና ከጎመን መደብ አርቀሽ ድፊው። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪው፤ ደረቅ መጥረጊያ ብናኙን ያስነሣዋል እንጂ አያስወግደውም። ፀንሰሽ ወይም እያጠባሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብስ ባለቤትሽ ራሱ ይጠበው። ሽጉጡን ፈታቶ መወልወል የሚችል እጅ ሸሚዝ ማጠብ አያቅተውም። ልጆች ምግብ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። በቂ ብረትና ካልሲየም የሚያገኝ ሰውነት እርሳስን ያን ያህል አይቀበልምና፣ እንደ አቅም ምስር፣ ጎመን፣ ወተትና አይብ ከማዕድ አይጥፋ።

በመጨረሻም ለሁለቱም። እርሳስ በማጀት ድስት አይቅለጥ። አንድ ጊዜ እርሳስ የቀለጠበት ዕቃ ቢፈገፈግም ለምግብ መመለስ የለበትም።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እኛም ሳንታዘብ አልቀረንም። በዝግጅት ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ የመድፍ ቀለሃ እርሳስ ማስቀመጫ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። የምንጽፍበትን እርሳስ ከዚያ እያወጣን ጫፉን በጥርሳችን ስንነክስ፣ ከአጠገቡም ሻይ ስንጠጣ አንድ ቀን እንኳ «በዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብለን አልጠየቅንም። ባዶ ነበራ! የሃምሳ አለቃውና የእናቲቱ ጥያቄ ባይደርሱን ኖሮ ዛሬም እንነክስ ነበር። አሁን ቀለሃው ወደ ንብረት ክፍል ተመልሷል፤ እርሳሶቻችን በቡና ጣሳ ውስጥ ቆመዋል፤ ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል።

ተወዳዳሪው ተኳሽ አረሩን ከመትከሉ በፊት መብራት አቅርቦ የቀለሃዋን ሆድ እንደሚያይ ሁሉ፣ እኛም በየቤታችን በር ላይ ቆመን እጃችንን እንመልከት።

ለሚቀጥለው ሳምንት ያገናኘን።